ወደ ፍቼ የምትሄደው ቀይ መኪና

ወንድ ልጅ አምሳን ሲጠጋ አንድ ነገር ይጀምረዋል። አንዱ ሽበቱን ጥቁር ቀለም ይቀባል። አንዱ ድንገት መንፈሳዊ ሆኖ፣ በቀደም አብረውት ሲጠጡ የዋሉትን ወዳጆቹን መገሠጽ ይጀምራል። ሌላው ደግሞ ከተማ መሀል ተቀምጦ ንብ ካላረባሁ ብሎ ድርቅ ይላል። ሚስቶች ይህን ዕድሜ አሳምረው ያውቁታል፤ ሲገናኙም «ያንቺንስ ምን ጀመረው?» እየተባባሉ እንደ ጉንፋን ይጠያየቃሉ። ከእናንተ መካከል ወደዚያ ዕድሜ እየተጠጋ የሚስቅ ካለ ግድ የለም፣ ይሳቅ፤ ተራው ይደርሳል። እኔን የጀመረኝ መኪና ነው። መኪና ስላችሁ ደግሞ ጤፍ የሚያመላልስ፣ ቤተሰብ የሚጭን፣ ቁም ነገር ያለው መኪና እንዳይመስላችሁ። ሁለት በር ብቻ ያላት፣ ቁመቷ ከወገቤ የማያልፍ፣ አፍንጫዋ ረዝሞ መቀመጫዋ ያጠረ፣ ለሩጫ የተሠራች አሮጌ ቀይ መኪና ነች። ያውም ጋምቤላ ውስጥ።

ነገሩ እንዲገባችሁ ግን አስቀድሜ ስለ ካርቶኖቻችን ልንገራችሁ። ከደጋ መጥተን እዚህ የምንሠራ ሰዎች፣ አስተማሪውም ነርሱም የቢሮ ሠራተኛውም፣ አንድ የጋራ ጠባይ አለን፤ ሁላችንም ነገ ሂያጅ ነን። ሦስት ዓመት የኖረውም ነገ ሂያጅ ነው፣ ሃያ ዓመት የኖረውም ነገ ሂያጅ ነው። ዛፍ አንተክልም፣ ማን ሊበላው ብለን። ትልቅ ቁም ሣጥን አንገዛም፣ ለማጓጓዝ አይመችም ብለን። የመጣን ሰሞን ጋቢያችንን፣ ብርድ ልብሳችንን፣ ሹራብና ካፖርታችንን በካርቶን አጭቀን፣ በሲባጎ ጠፍረን አስረን ከፍ ካለ ቦታ ላይ እንሰቅላለን። የሚፈታው የምንሄድ ዕለት ነው። እዚህ ከተማ አንድ የደጋ ሰው ቤት ገብታችሁ ቀና ስትሉ ካርቶን ካጣችሁ፣ ባለቤቱ ወይ ሄዷል ወይ ተስፋ ቆርጧል።

የእኛ ቤት ካርቶኖች አራት ናቸው። ከአልጋችን በላይ ባለው መደርደሪያ ላይ ከተቀመጡ አሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው። እኔ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተምራለሁ፤ ባለቤቴ አስካለ አዋላጅ ነርስ ናት። ሁለታችንም ከፍቼ ነን። በየዓመቱ የዝውውር ፎርም እሞላለሁ፣ በየዓመቱ መልሱ «ቦታ የለም» ነው፣ በየመስከረሙም «ዘንድሮ የመጨረሻችን ነው» እንባባላለን። አስካለ በበኩሏ ከሥራ ገብታ ጫማዋን ስታወልቅ ሙቀቱን ሳትራገም የዋለችበት ቀን አላስታውስም። «ይሄ አገር ነው ምጣድ?» ትላለች፤ ከዚያ የፍቼን ብርድ፣ የጠዋቱን ጉም፣ የእናቷን ቤት እያነሳች ትተክዛለች። እኔም ይህቺን ሴት አንድ ቀን ከዚህ ሳላወጣት ብሞት ዕዳዬ ነው እያልኩ ስብሰለሰል ኖርኩ። ዛፍ አንተክልም ብያችኋለሁ፤ ግቢያችን ውስጥ አንድ ማንጎ አለ፣ ግን እኛ አልተከልነውም። በመጣን ዓመት ማንጎ በልታ ፍሬውን በመስኮት የወረወረችው አስካለ ናት። እሱ ራሱ ነው የበቀለው። አሁን መንደሩን ሁሉ ያበላል።

መኪናዋን ያየኋት ከገበያው ጀርባ፣ አንድ ነጋዴ መጋዘን ጓሮ ውስጥ ነው። የፋብሪካዋን ስም አልጠራም፣ ማስታወቂያ ይመስልብኛል። ነጋዴው ሙሽሪቱን ሊያመጣባት ብሎ ከአዲስ አበባ በአይሱዙ አስጭኖ ያስመጣት ናት። የሠርጉ ዕለት ሙሽሪት ተቀመጠች፣ እልል ተባለ፣ መኪናዋ ተነሳች፣ የመጀመሪያው ቦይ ጋ ስትደርስ ሆዷ መሬት ላይ ዘፍ አለ። ሚዜዎቹ ሙሽሪትን ከነመኪናዋ ተሸክመው በር ድረስ አደረሷት። ከዚያ ወዲያ ዝናብ መጣ፣ ዶሮዎችም ገቡባት። እኔ ስደርስ ኋላ ወንበሩ ላይ አንዲት ወሰራ ዶሮ ዕንቁላል ታቅፋ ነበር።

ነጋዴው ግዛኝ አላለኝም። ሽጥልኝ ያልኩት እኔ ነኝ፤ እሱ ሁለት ጊዜ ጤንነቴን ጠየቀኝ። ምን ላድርግ? ልጅ ሆኜ ፍቼ ዋናው መንገድ ዳር ዳቦዬን ይዤ እንደቆምኩ፣ እንዲህ ያለች ቀይ መኪና ወደ ጎጃም ስታልፍ አንድ ጊዜ አይቻለሁ። ክላክሷን አሰምታን ጥምዝምዙ ውስጥ ጠፋች። አርባ ዓመት ሙሉ ያ ድምፅ ከጆሮዬ አልወጣም። ከፍቼ የወጣሁት ሻንጣዬን አውቶቡስ ጣሪያ ላይ ጭኜ ነው፤ ስመለስ ግን አስካለን ከጎኔ አስቀምጬ፣ ክላክስ እያሰማሁ፣ በቀይ መኪና! ለማንኛውም ገዛኋት። «ዶሮዋ አትወጣልህም፣ አብራህ ትሂድ» ብሎ ነጋዴው መረቀልኝ።

በባጃጅ አስጎትቼ ወደ ቤት ሳመጣት ከተማው ወጥቶ አየን። ቁመቱ የመኪናዋን እጥፍ የሚያክል አንድ የኑዌር ሽማግሌ አስቆመኝና፣ ጎንበስ ብሎ በመስኮቷ ውስጡን መርምሮ «እግርስ የት ይገባል?» አለኝ። አስካለ ደግሞ በር ላይ እጇን አጣምራ ጠበቀችን።

«ምንድነው ይሄ?» አለች።

«ወደ ፍቼ የምንሄድባት ናት» አልኳት። «የተነሳች ዕለት ካርቶኑን ጭነን እንወጣለን። ፎርም የለ፣ ቢሮ የለ።»

መኪናዋን አየች፣ ማንጎውን አየች፣ ከዚያ «ከዛፉ ሥር አድርጋት፣ ፀሐይ እንዳይመታት» ብላ ገባች። በደስታ ብዛት ቃል ያጣች መስሎኝ ልቤ ቀለጠ።

መካኒክ ፍለጋ ስወጣ ያገኘሁት ኡጁሉን ነው። ኡጁሉ የአኙዋክ ሰው ነው፤ ባሮ ዳርቻ የጀልባ ሞተር ይጠግናል። ሰውና ዕቃ ጭኖ ወንዙን የሚወጣ የሚወርድ ሁሉ ሞተሩ ባነጠሰ ቁጥር የሚጠራው እሱን ነው። መኪና ሠርቶ እንደሚያውቅ ስጠይቀው ትንሽ አሰበና «መምህር፣ ወንዝ ላይ ሞተር ቢጠፋ ውኃ ይወስድሃል» አለኝ። «ይሄ ቢጠፋ ትወርዳለህ። ቀላል ነው።» ከዚህ የተሻለ የምስክር ወረቀት አላየሁም።

እንዲህ ሆነን በየቅዳሜው ማንጎው ሥር ተሰየምን። ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት ሰሌዳ ላይ የሞተር ሥዕል እየሳልኩ፣ ፒስተኑ ሲወጣ ይህ ይሆናል፣ ሲወርድ ያ ይሆናል እያልኩ አስተምሬያለሁ። እኔ የሳልኩት ሞተር አንድ ቀን ዘይት አንጠባጥቦ አያውቅም፤ ብሎኑም ዝጎ አልከፈትም ብሎ አልታገለኝም። ኡጁሉ ግን ዝገቱን በትዕግሥት ፈታው፤ የነዳጅ ቱቦውን በጀልባ ቱቦ ቀየረው፤ ካርቡራተሩን በጥርስ ብሩሽ አጠበው። ዶሮዋ ከኋላ ወንበር ሆና ሥራችንን ትቆጣጠራለች። ስንት ጊዜ አወጣናት፣ ስንት ጊዜ በሌላው መስኮት ተመልሳ ገባች!

አስካለ መጀመሪያ ከሩቅ ነበር የምታየው። በኋላ ቀዝቃዛ ውኃ ይዛ መጠጋት፣ ከዚያም መጠየቅ ጀመረች። ይቺስ ምንድናት? ያኛውስ ምን ይሠራል? የትኛው ቢጎድል ነው ጨርሶ የማይነሳው? ኡጁሉ ለእሷ ሲያስረዳ አይቸኩልም፤ አራት ልጆቹን ያዋለደችው እሷ ናትና። ሦስተኛይቱ ልጁ ስሟ አስካለ ነው። በነገራችን ላይ ባለቤቴን ከበር ሆናችሁ «አስካለ!» ብላችሁ ብትጣሩ አራት ሰው ነው ዞር የሚለው፤ ራሷ፣ የኡጁሉ ልጅ፣ አንዲት የኑዌር ልጅ፣ ማዶ ደግሞ በሰፈራ ከወሎ የመጡ ገበሬዎች የልጅ ልጅ። በአስጨናቂ ምጥ ተወልደው የተረፉ ሁሉ ስሟን ይዘው ቀርተዋል። እኔ ታዲያ በዚያን ጊዜ ይህን እንደ ቁም ነገር አልቆጠርኩትም። ሚስቴ መኪናዋን ወደደችልኝ፣ ለመሄድ ቸኮለች ብዬ ነበር ደስታ የያዘኝ። ሰው የሚሰማው የፈለገውን ነው።

በስምንተኛው ወር አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ቁልፉን ሳዞረው መኪናዋ ጮኸች። እንዴት ያለ ጩኸት! ዶሮዋ ለመጀመሪያ ጊዜ በራሷ ፈቃድ በረረች። ጎረቤት ሁሉ ተሰበሰበ። እኔም ክላክሷን አርዝሜ አሰማሁና፣ ከመኪናዋ ወጥቼ (መውጣቱ ራሱ ትግል ነው)፣ በተሰበሰበው ሕዝብ ፊት «ከመስከረም በፊት ፍቼ ነን» ብዬ አወጅኩ። ሰዉ አጨበጨበ፤ ሲያጨበጭብ ግን የሚያየው እኔን አልነበረም። አስካለን ነበር የሚያየው። እሷ ፈገግ ብላ ቆየችና ተረኛ ነኝ ብላ ወጣች። ያን ቀን ተረኛ እንዳልነበረች ትዝ ያለኝ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው።

በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቁልፉን አዞርኩ። ሞተሩ እህ እህ ይላል እንጂ አይነሳም። ኡጁሉን አስጠራሁት። ኮፈኑን ከፈተ፣ እሳቱን ለካንዴላዎቹ የሚያከፋፍለውን ክዳን አነሳና ውስጡን አየ። እዚያ ውስጥ የምትሽከረከር፣ ከአውራ ጣት የማትበልጥ፣ ሮተር የምትባል ነገር አለች። የለችም። ባዶ ነው። ኡጁሉ ቀና ብሎ ወደ ቤቱ በር ረጅም ጊዜ አየና፣ ክዳኑን ቀስ አድርጎ መልሶ ገጠመው።

«ዶሮ በልቶት ይሆናል» አለ።

አትሳቁብኝ፤ አመንኩት። ሦስት ቀን ሙሉ የፊዚክስ መምህሩ ዶሮ ሲከተል ዋለ። ግቢውን በመጥረጊያ፣ አፈሩን በወንፊት ፈተሽኩ። አስካለም አብራኝ ፈለገች፤ አልጋ ሥር ሳይቀር ገብታ፣ ወገቧን ይዛ «ውይ፣ የት ገባች?» እያለች።

ከዚያ በኋላ ያለው የፍለጋ ታሪክ ነው። ፎቶ እያነሳሁ አዲስ አበባ ላሉ መለዋወጫ ነጋዴዎች በቴሌግራም ላክሁ። ገሚሱ የለም አለኝ፣ ገሚሱ ሳቀብኝ፣ አንዱማ መኪናዋን ለሙዚየም እንድሰጥ መከረኝ። ወራት አለፉ። ቅዳሜ ግን አልቀረም፤ ከኡጁሉ ጋር ቀለሟን አደስን፣ ወንበሯን አለበስን፣ መስታወቷን ወለወልን። የማትነሳ መኪና ከምትነሳዋ ይልቅ ብዙ ሥራ አላት። አንድ ቀን ታዲያ አንዱ ነጋዴ ደወለና «መምህር፣ አገኘሁልህ፤ በነገው አውቶቡስ ልላከው?» አለኝ። «መልሼ እደውልልሃለሁ» አልኩት። ኔትወርኩ አስቸገረኝ። ቀጥሎ ፈተና ማረም መጣ። ቀጥሎ ዝናብ መጣ፣ በዝናብ ደግሞ ማን መንገድ ይወጣል? እንዲህ እንዲህ እያልኩ ሳልደውል ቀረሁ። ለምን እንዳልደወልኩ ራሴን አልጠየቅኩትም። ራስን መጠየቅ መጥፎ ልማድ ነው፣ መልስ ያመጣል።

ሐምሌ ላይ ከቢሮ ተጠርቼ ደብዳቤ ተሰጠኝ። ዝውውሬ ተፈቅዷል። ፍቼ። በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ መልስ ስጥ ይላል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የጠበቅሁትን ወረቀት ይዤ ስወጣ እግሬ ከበደኝ፤ ደስታ ይሆናል አልኩ። አስካለ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበችው።

«እንኳን ደስ ያለህ» አለች።

ደስ ያለን አላለችም። ይሄም የገባኝ በኋላ ነው። መኪናዋን ለኡጁሉ ትተን በአውቶቡስ እንደምንሄድ ነገርኳት፣ እሺ አለች። ከዚያ ባልዲ አንስታ ወጥታ ማንጎውን ማጠጣት ጀመረች። ሐምሌ ነው ብያችኋለሁ። ጠዋት የጣለው ዝናብ ገና ከቅጠሉ ይንጠባጠብ ነበር።

በማግስቱ እሷ ሥራ ሄዳ እያለ፣ ወንበር ላይ ቆሜ ካርቶኖቹን አወረድኩ። የሦስቱ ሲባጎ ከማርጀቱ የተነሳ ሲነኩት ይበጠሳል፤ በላዩ ያለው አቧራ ያስነጥሳል። አራተኛው ግን ቋጠሮው አዲስ ነበር። ጠባብ፣ የተስተካከለ፣ የአዋላጅ እጅ የቋጠረው። ፈታሁት። የእኔ ካፖርት ነው። ኪሱ ውስጥ እጄን ስሰድ በፋሻ የተጠቀለለ፣ በሐኪም ፕላስተር የታሸገ ነገር አገኘሁ። አስካለ የከፈተችው ነገር ሁሉ ላይ ቀን መጻፍ ልማዷ ነው፤ ሽሮፑ ላይ ትጽፋለች፣ የበርበሬው ዕቃ ላይ ትጽፋለች። ፕላስተሩም ላይ ቀን አለበት። ያቺ ቅዳሜ። መኪናዋ የጮኸችበት ዕለት።

ሮተሯ ነበረች።

መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። መጀመሪያ የመጣብኝ ዶሮ ስከተል የዋልኩት ነው፤ ቆሽቴ አረረ። ቀጥሎ ካፖርቱን አየሁት። ከዚህ ቤት ዕቃ ሁሉ መርጣ እዚህ ውስጥ ነው የደበቀችው፤ የምር ልሄድ ካልተነሳሁ በቀር እጄን ከማልሰድበት ቦታ። ያን ሁሉ ዓመት ሙቀቱን ስትራገም እኔ ለእሷ ብዬ ፎርም ስሞላ፣ እሷም ለእኔ ብላ ፍቼን ስታነሳ ኖረናል። በመጨረሻ ምን ተሰማህ ካላችሁኝ፣ አፍሬ ነው የምናገረው፣ ደስ አለኝ። ደረቴ ላይ ተቀምጦ የነበረው ነገር ሁሉ ተነሳልኝ። ያልደወልኩለት ነጋዴም በዓይኔ ላይ መጣ። እሷ በፋሻ ጠቅልላ የደበቀችውን፣ እኔ ስልኬ ውስጥ ደብቄው ኖሯል።

ለምን አልነገርካትም ትሉኝ ይሆናል። አገኘሁት ካልኩ ለምን ደበቅሽው ማለት አለብኝ። ለምን ካልኩ ደግሞ «መሄድ አልፈልግም» ማለት ይኖርባታል። ይህን ቃል እኛ ነገ ሂያጆቹ መንደር ውስጥ እስከዛሬ ጮክ ብሎ ያለው ሰው የለም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አገሩን ስትራገም የኖረች ሴት በአንድ ቀን ከየት አምጥታ ትለዋለች? እኔስ የመጀመሪያው ልሁን?

ሮተሯን ወደ ኪሱ፣ ካፖርቱን ወደ ካርቶኑ መልሼ፣ በራሴ የገበሬ ቋጠሮ አስሬ ሰቀልኩት። ሌሎቹንም ባገኘሁት ገመድ ጠፈርኳቸው። ከዚያ ቢሮ ሄድኩ። ዝውውሩን ያልተቀበልኩበትን ምክንያት ጻፍ ቢሉኝ፣ «መኪናዬ ተጠግና ስላላለቀች» ብዬ ጻፍኩ። ጉዳዩን የያዘው ከጎጃም የመጣ፣ አሥራ አራት ዓመት የቆየ ሰው ነው። አነበበው። ይስቅብኛል ብዬ ስጠብቅ አልሳቀም።

«መለዋወጫው አልተገኘም?» አለኝ።

«አልተገኘም።»

«ያስቸግራል» አለና ማኅተሙን አሳረፈበት።

ማታ አስካለ ገብታ ጫማዋን አወለቀች፣ ቀና አለች፣ የእኔን ቋጠሮ አየችው። ወንበሩን ስባ ወጣችና «ሲባጎው ላልቷል፣ አቧራ ይገባዋል» ብላ፣ አራተኛውን ካርቶን ፈትታ በራሷ ቋጠሮ መልሳ አሰረችው። ያኔ ነው፣ ጀርባዋን እንደሰጠችኝ፣ መኪናዋ ሳታልቅ መሄድ አልሆነልኝም ብዬ የነገርኳት። እጇ ሲባጎው ላይ ትንሽ ቆመ። «እንዳልክ» አለች። ያን ምሽት ሙቀቱን አልተራገመችም።

አሁንም ቅዳሜ ቅዳሜ ኡጁሉ ይመጣል። «ሮተር ተገኘ?» ይለኛል፣ አልተገኘም እለዋለሁ፣ «ጥሩ» ብሎ መወልወሉን ይቀጥላል። መስከረም ሲጠባም እንደ ደንቡ ዘንድሮ የመጨረሻችን ነው ተባብለናል። እሑድ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከአስካለ ጋር ማንጎው ሥር መኪናዋ ውስጥ ገብተን እንቀመጣለን፤ እኔ መሪውን ይዤ፣ እሷ ከጎኔ፣ ዶሮዋ ከኋላ። ባለፈው እሑድ ከአጥር ውጭ አንዱ «አስካለ!» ብሎ ሲጣራ በመስኮቱ ብቅ አለች፤ የምትፈለገው ሌላዋ አስካለ ነበረች። ተመልሳ ተቀመጠችና ወደ እኔ ዞረች።

«አዲስ አበባም የለም አሉ?»

«የለም አሉ» አልኳት።

«አይዞህ፣ አያስቸኩልም» አለችና፣ ወንበሯን ወደ ኋላ ለቃ ዓይኗን ጨፈነች።